የጠመንጃው ዋጋና የጥይቱ ዕዳ፦ አሮጌ ጠመንጃን ወደ ሌላ ጥይት ስለ መለወጥ

በአማርኛ ሥር ሰድደው ከቆዩት የጦር መሣሪያ ስሞች መካከል ሁለቱ፣ «ስናድር» እና «ውጅግራ»፣ ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል የጋራ ታሪክ አላቸው። ስናድር የአሜሪካዊው የፈጠራ ባለሙያ የጃኮብ ስናይደር ስም ነው። ውጅግራ ደግሞ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የተወረሰ ሲሆን የሻምበል ባዚል ግራን ስም ይዞ ቀርቷል። የሁለቱም ሰዎች ስም የተያያዘው በመጋዘን ሞልቶ የተከማቸ አሮጌ ጠመንጃ አዲስ ዓይነት ጥይት እንዲጎርስ ከማድረግ ሥራ ጋር ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ፣ ባላባትና ወታደር ለትውልዶች በትከሻው ያነገታቸው መሣሪያዎች ስም፣ ሳይታወቅ፣ የለዋጮች ስም ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

ርካሽና ያገለገለን ጠመንጃ ወደ ሌላ ጥይት መለወጥ ዛሬም በብዙ አገሮች የሚሠራ ሥራ ነው። ደጋፊዎቹ ቁጠባ ነው ይላሉ፤ ብረቱ አለ፣ ሰደፉ አለ፣ ቃታው ይሠራል፤ የጎደለው ጥይቱ ብቻ ከሆነ ለምን አዲስ ይገዛል? ክርክሩ ሲሰሙት ቀላልና አሳማኝ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ከዚህ ይለያል። የለውጡ ትርፍና ኪሳራ የሚለካው በጠመንጃው ርካሽነት አይደለም፤ አዲሱ ጥይት ከየት እንደሚመጣና አሮጌው ብረት የአዲሱን ጥይት ግፊት መሸከም መቻል አለመቻሉን በማወቅ ነው። ይህን መለኪያ የሳተ ለውጥ ርካሹን ውድ ያደርጋል፤ አንዳንዴም ዋጋው የተኳሹ ዓይንና እጅ ይሆናል። ይኸው መለኪያ የኢትዮጵያን የጦር መሣሪያ ታሪክ ለሚያጠኑም ያልተጠየቀ ጥያቄ ይከፍታል።

የብረቱ ሕግ

ጥይት አራት ነገሮችን ያቀፈ ነው፦ ቀለህ፣ ባሩድ፣ እሳት የሚያቀብል ቀስቃሽና ከአፈሙዝ የሚወጣው እርሳስ። ጠመንጃ ወደ ሌላ ጥይት ይለወጥ ሲባል ከእነዚህ አራቱ ጋር የሚገናኘው የጠመንጃው ክፍል ሁሉ ይመረመራል። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ከቀለሁ ቅርጽና ርዝመት ጋር መግጠም አለበት። መቀርቀሪያው የቀለሁን ታችኛ ክፍል በልኩ መያዝና ከተተኮሰ በኋላ ስቦ ማውጣት አለበት። ካዝናው ጥይቱን ተቀብሎ ሳያደናቅፍ ማቅረብ ይኖርበታል። የአፈሙዙ ውስጠኛ ስፋት ከእርሳሱ ውፍረት ጋር መስማማት አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ መቀርቀሪያውን የሚቆልፉት ጥርሶችና በዙሪያቸው ያለው ብረት ባሩዱ የሚፈጥረውን ግፊት ችለው መቆም አለባቸው።

ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ የሚሰፋ እንጂ የሚጠብ አይደለም። የመጉረሻው ክፍል ለረዘመ ወይም ለወፈረ ቀለህ ሊሰፋ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የሰፋው ግን ተመልሶ አይጠብም። ሰፊ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ ቀጭን እርሳስ እንዲተኩስ ከተፈለገ ያለው ምርጫ አፈሙዙን ጨርሶ መቀየር ወይም በውስጡ ሌላ ቱቦ ማስገባት ነው። የብረቱ ጥንካሬ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ነው፤ ጎበዝ ሠራተኛ ቅርጹን ሊያስተካክል ይችል እንደሆነ እንጂ ደካማውን ብረት ጠንካራ ሊያደርገው አይችልም። በጥቁር ባሩድ ዘመን ለተሠራ ጠመንጃ የጭስ የለሽ ባሩድ ጥይት ማጉረስ አሮጌ ድልድይ ላይ አዲስ የጭነት መኪና እንደ ማሳለፍ ነው። ድልድዩ ለመጀመሪያው ቀን ላይሰበር ይችላል፤ አለመሰበሩ ግን ለሁለተኛው ቀን ዋስትና አይሆንም።

ስናድርና ውጅግራ

የእንግሊዝ ጦር በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታጠቀው የ1853ቱ ኤንፊልድ ጠመንጃ ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዝ የሚገባ ነበር። ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ግድ በሆነበት ጊዜ መንግሥቱ ያንን ሁሉ ከመጣል ይልቅ በ1866 የስናይደርን ዘዴ ተቀበለ። የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ተቆርጦ በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ ተገጠመለት፤ የብረት ታች ያለው ጥይትም ተዘጋጀለት። በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል ይተኩስ የነበረው ወታደር በለመደው መሣሪያ 10 ጊዜ ያህል መተኮስ ቻለ። የአፈሙዙ ስፋት እንደነበረ ስለቀጠለና ባሩዱም ያው ጥቁር ባሩድ ስለነበር ብረቱ ከተሠራለት ዐቅም በላይ አልተጠየቀም።

የዚህ ለውጥ የመጀመሪያ ትልቅ የጦር ሜዳ ፈተና የተካሄደው በኢትዮጵያ ምድር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ቁልቁል በወረደ ጊዜ ከጠበቁት የናፒየር ወታደሮች መካከል ስናድር የታጠቁ ነበሩበት። ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ ከሺህ የሚበልጡ ቆሰሉ፤ በሌላው ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ነበሩ፤ ከእነርሱም ሁለቱ በቁስላቸው ሞቱ። ለዚህ ልዩነት መድፍና ሮኬት፣ ሥልጠናና የቦታ አያያዝም ድርሻ ነበራቸው። ቢሆንም በዚያ ቀን የታየው «አዲስ» ጠመንጃ አካሉ ከአሮጌ መጋዘን የወጣ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በዚያ ሜዳ የተገናኙት ሁለት ሠራዊቶች ከአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ዘመን ጎረቤታሞች ነበሩ፤ የለያቸው አንዱ የራሱን አሮጌ መሣሪያ የሚለውጥበት ፋብሪካ ያለው መሆኑ ነው።

ፈረንሳይም ተመሳሳይ መንገድ ተከተለች። የ1866ቱ ሻስፖ ጠመንጃ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት የሚተኩስ ነበር። ከ1874 ጀምሮ ሻምበል ግራ ባቀረበው ንድፍ አዳዲስ ጠመንጃ ከመሥራት ጎን ለጎን ብዙ ሻስፖዎች የ11 ሚሊ ሜትር የብረት ጥይት እንዲጎርሱ ተደረጉ። ፈረንሳይ በ1886 ወደ ሌበል ጠመንጃና ወደ ጭስ የለሽ ባሩድ ስትሻገር ግን ግራ በሙሉ አሮጌ ሆነ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። የሌበል 8 ሚሊ ሜትር ጥይት ራሱ የተወለደው የግራን ቀለህ አንገት በማጥበብ መሆኑ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል። አሮጌው ጥይት የአዲሱ እናት ሆነ፤ ነገር ግን እናቲቱ ልጇ በሚኖርበት ቤት ቦታ አልነበራትም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ፈረንሳይ በእጇ ከቀሩት ግራዎች ብዙዎቹን በ8 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ቀይራ ለኋላ ደጀን ሰጠቻቸው። ይህን ማድረግ የቻለችው የ8 ሚሊ ሜትር ጥይት በየዕለቱ ከፋብሪካዋ ስለሚወጣ ነው።

ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር

ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግራ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። አፈሙዝ የሚቀይር ፋብሪካ ስላልነበረ ጠመንጃው ከጥይቱ ጋር ተሳስሮ ቀረ፤ የጥይቱም ዋጋ ከጠመንጃው ዋጋ በላይ የኑሮ መለኪያ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ጥይት ይቆጠር፣ ይመነዘር፣ ይበደሩት ነበር። ባዶ ቀለህም አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ እየተሞላ ደግሞ ደጋግሞ ይተኮስ ነበር።

ይህ እውነታ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ነው። ገንዘብ የሚሆነው ነገር ብርቅ፣ ተፈላጊና በሁሉ ዘንድ የታወቀ ሊሆን ይገባል። ጥይት ይህን ሁሉ ያሟላው ጠመንጃው ርካሽ ስለነበረና ጥይቱ ግን ከባሕር ማዶ ብቻ ስለሚመጣ ነው። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይት ግን ዕድሜ ልክ ይገዛል። ርካሹን ጠመንጃ የሸጠው ወገን ከሽያጩ በኋላም የዝናሩን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ይቆያል።

በዐድዋ ዋዜማ የነበረው ሁኔታም በዚህ ዓይን ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ግራ፣ ከግብጾች የተማረከ ሬሚንግተን፣ የጣልያን ቬተርሊና ሌላም ሌላም ጠመንጃ ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ጥይት ይፈልጋል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ጎን ለጎን የተሰለፉ ሁለት ወታደሮች አንዱ ዝናሩ ባዶ ሲሆን ከሌላው መበደር ላይችል ይችላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል በዚህ ሁሉ መሰናክል ላይ የተገኘ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። የሠራዊቱ ጀግንነትና የጠመንጃው ብዛት ይነገራል፤ ጥይቱን በየዓይነቱ ገዝቶ፣ ለይቶ፣ በበቅሎና በአህያ ጭኖ፣ ለየባለቤቱ አድርሶ ያዋለው የስንቅና ትጥቅ አደረጃጀት ግን እምብዛም አይወሳም።

ጣልያን፦ ሁለት ለውጥ፣ ሁለት ትምህርት

በዐድዋ ከጣልያን ወታደሮች መካከል የሚበዙት ይዘውት የነበረው ቬተርሊ በ1870 የተነደፈና በ1887 ካዝና የተጨመረለት ጠመንጃ ነበር፤ ጥይቱም 10.35 ሚሊ ሜትር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ጣልያን የጠመንጃ እጥረት ሲያስጨንቃት ወደዚሁ ሽማግሌ ተመለሰች። ሰፊው አፈሙዝ በውስጡ ቱቦ ገብቶለት ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ጠበበ፤ ካዝናውም ተለወጠ። በአቅርቦት ረገድ ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የአገሪቱ መደበኛ ጥይት 6.5 በመሆኑ ሌላ ጥይት ማምረት አላስፈለገም። በብረት ረገድ ግን ጥያቄው ክፍት ነበር። ለጥቁር ባሩድ የተነደፈው መቀርቀሪያ የጭስ የለሽ ባሩድን ከፍተኛ ግፊት እንዲሸከም ተጠየቀ። መሣሪያው በአብዛኛው ለጥበቃና ለደጀን ክፍሎች መሰጠቱም ሠሪዎቹ ራሳቸው የተማመኑበት ልክ ምን ያህል እንደነበር ያመለክታል።

ሁለተኛው ለውጥ የተገላቢጦሽ ነው። የ6.5 ሚሊ ሜትሩ እርሳስ የተመታውን ሰው ወዲያው አያቆምም የሚለው ቅሬታ ኢትዮጵያን በወረረው ጦር ዘንድም ተሰማ፤ ጣልያንም በ1938 ወደ 7.35 ሚሊ ሜትር ለመሻገር ወሰነች። አዲሱ ጥይት የአሮጌውን ቀለህ አንገት በማስፋት የተሠራ ስለነበር ከጠመንጃው የሚቀየረው በዋናነት አፈሙዙ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለሽ ዕቅድ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ ደረሰ። ግማሹ ሠራዊት በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ጥይት ሊዋጋ አይችልምና ዕቅዱ ተሰርዞ ምርቱ ወደ 6.5 ተመለሰ። ከ90 ሺህ በላይ የሚሆኑ የ7.35 ጠመንጃዎች ወደ ፊንላንድ ተላኩ፤ በዚያም ሌላ ማንም የማይተኩሰው ጥይት የሚሻ ጠመንጃ ሆነው ለተቀባዮቹ ራስ ምታት ሆኑ። የ1916ቱ ለውጥ አቅርቦቱን አስተካክሎ ብረቱን አጠራጠረ፤ የ1938ቱ ብረቱን አስተካክሎ አቅርቦቱን በተነ። ሁለቱን አንድ ላይ ያልያዘ ለውጥ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሁለቱን የያዘ ለውጥ ሊኖር እንደሚችል እስራኤል ማስረጃ ናት። በ1948 ከቼኮስሎቫኪያ ከተገዙት መሣሪያዎች መካከል 7.92 ሚሊ ሜትር የሚጎርሱ የጀርመን ሥሪት ማውዘር ጠመንጃዎች ነበሩ። ሠራዊቱ በ1950ዎቹ አዲስ ጠመንጃና የ7.62 ሚሊ ሜትር የኔቶን ጥይት ሲይዝ ማውዘሮቹ አዲስ አፈሙዝ ተገጠመላቸው፤ ስህተት እንዳይፈጠርም «7.62» የሚል ቁጥር በሰደፋቸው ላይ በጉልህ ታተመ። የሁለቱ ጥይቶች ቀለህ ከታች በኩል ተቀራራቢ ውፍረት ስላለው መቀርቀሪያው መለወጥ አላስፈለገውም፤ የማውዘሩ ብረትም ለጭስ የለሽ ባሩድ የተሠራ ጠንካራ ብረት ነበር። ጥይቱ ከአገር ውስጥ ፋብሪካ ይወጣ ነበር። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ሲሟሉ ርካሹ ጠመንጃ በእርግጥም ርካሽ ሆነ።

በግለሰብ እጅ

የመንግሥት ፋብሪካ ትቶ ወደ ግለሰብ ሲመጣ ሚዛኑ ይከብዳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ከየአገሩ የተረፉ ጠመንጃዎች በጥቂት ዶላር ይሸጡ ነበር፤ እስከ 1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ድረስም በፖስታ ታዝዘው እቤት ድረስ ይመጡ ነበር። ጥይታቸው በገበያ ስለማይገኝ ብዙ አዳኞች ወደሚገኝ ጥይት ማስለወጥን መረጡ። በዚያ አገር ጠመንጃ ሠሪዎች ዘንድ በሰፊው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ባለቤቱ 6.5 ሚሊ ሜትር የጃፓን ጠመንጃ መጉረሻ ክፍሉን ብቻ ለአሜሪካው .30-06 ጥይት አሰፋ፤ አፈሙዙን ግን እንደነበረ ተወው። 7.8 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍር እርሳስ በ6.5 አፈሙዝ እየተጨመቀ ወጣ። ጠመንጃው አልፈነዳም፤ ባለቤቱ ያማረረው ትከሻውን ክፉኛ ስለሚመታው ብቻ ነበር። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለጃፓኑ ብረት ጥንካሬ ምስክር ሆኖ ነው። ትክክለኛው ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ ሰውየው የተረፈው ባላወቀው ምክንያት ነው፣ ባላወቀው ምክንያት የተረፈ ደግሞ ለሌላው ምሳሌ ሊሆን አይችልም።

የስፔን ጠመንጃዎች የሚያስነሡት ክርክርም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል። ለ7 ሚሊ ሜትር ጥይት የተሠሩ የቀድሞ ማውዘሮች በስፔን ወደ 7.62 ተለውጠው በኋላ ለአሜሪካ ገበያ ቀረቡ። ብረታቸው ከኋለኞቹ ማውዘሮች የደከመ ስለሆነ የዛሬውን የገበያ ጥይት ሁሉ ይሸከማሉ ወይስ አይሸከሙም የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። አፈሙዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚናገረው ስፋትን ነው፤ ግፊትን አይናገርም። ስሙ አንድ የሆነ ጥይት ሁሉ ጉልበቱ አንድ አይደለም።

ከዚህ ላይ የዋጋው ሒሳብ ይጨመራል። አዲስ አፈሙዝ፣ የባለሙያ ድካም፣ የልክ መፈተሻ መሣሪያና የማነጣጠሪያ ማስተካከያ ሲደመሩ የለውጡ ወጪ ብዙ ጊዜ ከጠመንጃው መግዣ ይበልጣል፤ አንዳንዴም ከአዲስ የፋብሪካ ጠመንጃ ዋጋ ጋር ይስተካከላል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሥራው ራሱ ደስታና ትምህርት ነው የሚል ነው። መልሱ ንቀት አይገባውም፤ በእጅ ሥራ የሚገኝ እውቀት እውቀት ነው። ሆኖም ደስታ ከሆነ ደስታ ይባል፤ ቁጠባ ተብሎ አይጠራ።

እንግሊዝ በ1868 ባወጣችው የአፈሙዝ ፈተና ሕግ መሠረት ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ከመደበኛው በሚበልጥ ግፊት ተፈትኖ ማኅተም ሊያርፍበት ይገባል፤ ብረቱን የሚያደክም ለውጥ ከተደረገበትም እንደገና ይፈተናል። ቤልጅግም በሊዬዥ ከተማ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይህን የመሰለ የፈተና ቤት አላት። የዚህ ሥርዓት ጥበብ ቀላል ነው። የለዋጩ ቃል አይበቃም፤ ብረቱ ራሱ ይመስክር። እንዲህ ያለ የፈተና ቤት በሌለበት አገር የአንድን ጠመንጃ ጥይት መለወጥ ምስክር የሌለው ውል ነው፤ ውሉ ሲፈርስ የሚጎዳው ደግሞ ፊቱን በመቀርቀሪያው አጠገብ ያደረገው ሰው ነው።

ለታሪክ ጥናት የሚተርፈው

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ስለ 19ኛው መቶ ዘመንና ስለ ሁለተኛው የጣልያን ወረራ የሚጻፉ ጥናቶች ጠመንጃን በቁጥር ይመዘግባሉ፤ ይህን ያህል ሺህ ገባ፣ ይህን ያህል ሺህ ተማረከ ይላሉ። የጠመንጃ ቁጥር ግን ያለ ጥይት ቁጥር የተኩስ ዐቅምን አይናገርም። ሺህ ጠመንጃ በየዓይነቱ ለአምስት ተከፍሎ፣ ለአንዱ ዓይነት ብቻ በቂ ጥይት ካለ፣ በጦር ሜዳ ያለው 200 ጠመንጃ ነው።

በእርግጥ አንድ ተቃውሞ ይጠበቃል፦ የጥይት መዝገብ አልተያዘም፣ ስለዚህ ጥያቄው ባዶ ነው የሚል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን መዝገቡ በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። በየቤተ መዘክሩ፣ በየገዳሙ ዕቃ ቤትና በየቤተሰቡ ቅርስ መካከል የቆሙት አሮጌ ጠመንጃዎች ራሳቸው ሰነድ ናቸው። የአፈሙዙ ስፋት፣ የገባበት ቱቦ፣ የተቆረጠው ጫፍ፣ የፋብሪካውና የፈተናው ማኅተም፣ የተለወጠው ካዝና ሁሉ ይነበባል። በጦር ሜዳ አፈር ውስጥ የሚገኝ ቀለህም ስንት ጊዜ እንደተሞላ በገላው ላይ ምልክት ሊይዝ ይችላል። ሆኖም «አሮጌ ጠመንጃ፣ የጣልያን» ብሎ የሚያበቃ መግለጫ እነዚህን ሁሉ ምስክሮች ዝም ያሰኛል።

ስለዚህ በቅርስነት የሚያዝ ጠመንጃ ሁሉ ቢያንስ አራት ነገር ተመዝግቦለት ሊቀመጥ ይገባል፦ በመጀመሪያ የተሠራበት ጥይት፣ አሁን የሚጎርሰው ጥይት፣ ለውጥ ካለው የለውጡ ዓይነት፣ በላዩ ያሉት ማኅተሞች። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መለኪያ፣ ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት ይበቁታል። ሊቀድም የሚገባውም ዝገትና የባለቤቶች መተካካት ምልክቶቹን ሳያጠፉ ነው። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ዛሬ በገበያ ለሚገኝ ጥይት ብሎ ማስለወጥ ደግሞ በሁለት በኩል ያከስራል፤ አደገኛ መሣሪያ ያተርፋል፣ የማይመለስ ሰነድም ያጠፋል።

ማጠቃለያ

አሮጌ ጠመንጃን ወደ ሌላ ጥይት መለወጥ በራሱ ሞኝነትም ብልሃትም አይደለም። ስናድር የብልሃት ምሳሌ ነው፤ አካሉ ለነበረበት ግፊት ቀጠለ፣ ጥይቱም ከባለቤቱ ፋብሪካ ወጣ። ወደ 6.5 የጠበበው ቬተርሊ በብረቱ፣ የ7.35ቱ ጠመንጃ በጥይቱ አቅርቦት የሳቱት ከዚህ ከሁለቱ አንዱን ነው። የግለሰቡም ለውጥ በዚሁ ሚዛን ይመዘን። አሮጌ ጠመንጃ ሊገዛ የሚያስብ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚል ሳይሆን «ምን ይጎርሳል? ከየት ይመጣል? ብረቱንስ ማን ፈተነው?» የሚል ሊሆን ይገባል። የታሪክ ተመራማሪውም እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች በመስታወት ውስጥ ለተኛው ስናድርና ውጅግራ ቢያቀርብ፣ ከጠመንጃው ቁጥር ያላገኘውን መልስ ከመጉረሻው ያገኛል።